የበቅሎ ጉዞን የተካው መንገድ፦ የዩታ አውራ ጎዳና ቁጥር 12

ክቡራትና ክቡራን፣ የዛሬው ምሽት ታዳሚዎች፣

ከመካከላችሁ ከላስ ቬጋስ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ጭነት የምታመላልሱና ኢንተርስቴት 15ን ከነማደያው በቃላችሁ የምታውቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ የምናገርለት መንገድ ከዚያ በስተምሥራቅ፣ በደቡባዊ ዩታ አምባዎችና ቀያይ ሸለቆዎች መካከል የሚያልፍ ሲሆን፣ ጭነት ለማድረስ የሚቸኩል ሾፌር የሚገባበት አይደለም። የዩታ ግዛት አውራ ጎዳና ቁጥር 12 ይባላል። ፓንግዊች ከተባለችው ከተማ በስተደቡብ ከአውራ ጎዳና 89 ተገንጥሎ ይነሳና፣ 198 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቶሪ በምትባል መንደር ከአውራ ጎዳና 24 ጋር ይገጥማል። በ2002 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት «ኦል አሜሪካን ሮድ» የሚለውን ማዕረግ ሰጥቶታል፤ ይህም መንገዱን ለማየት ሲባል ብቻ ጉዞ ሊደረግላቸው ይገባል ተብለው ለተመረጡ ጎዳናዎች የሚሰጥ ከፍተኛ ደረጃ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ስለዚህ መንገድ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ውበቱ ነው፤ ውበቱም በእርግጥ የሚካድ አይደለም። እኔ ግን ዛሬ አጥብቄ ለመናገር የምፈልገው፣ መንገዱ ራሱ የሰው ሥራ መሆኑንና አብዛኛውን ክፍሉን ያሠራው ሽርሽር ሳይሆን ችግር መሆኑን ነው። የተሠራው ደብዳቤ እንዲደርስ፣ ስልባቦት ሳይኮመጥጥ ለገበያ እንዲበቃ፣ በበረዶ ወራት ተነጥላ የምትከርም መንደር ከጎረቤቷ ጋር እንድትገናኝ ነው። ይህን ያወቀ ተጓዥ፣ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ለምን እንደታጠፈ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ለምን በሸንተረር ጫፍ ላይ እንደወጣ ይገባዋል።

ነገሩን ከመንገዱ መነሻ ሳይሆን ከመካከሉ፣ ከቦልደር መንደር ልጀምር። ቦልደር ዛሬም ነዋሪዋ ከ300 የማይበልጥ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከብት አርቢዎች የሰፈሩባት ቦታ ናት። ከተራራው የሚወርድ ውኃና ለከብት የሚሆን ሣር ስላላት ለኑሮ የተመቸች ነበረች። ከጎረቤቷ ከኤስካላንቴ የሚለያት ምድር ግን በጠባብና ጥልቅ ሸለቆዎች የተሰነጣጠቀ ራቁት የአሸዋ ድንጋይ ነው። በሁለቱ መንደሮች መካከል በበቅሎ የሚኬድበት የደብዳቤ መንገድ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ዴዝ ሆሎው ወደተባለው፣ ስሙ ራሱ ሞትን ወደሚጠራው ገደል ወርዶ እንደገና መውጣትን ይጠይቅ ነበር። በቅሎ ምን ያህል እንደምትችልና ከየትኛው ገደል ላይ እግሯን እንደምታጸና ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እነዚህ በቅሎዎች ወደ ቦልደር ደብዳቤና ሸቀጥ ያደርሱ ነበር፤ ሲመለሱ ደግሞ የመንደሯ ሰዎች ከላሞቻቸው የሚያገኙትን ስልባቦት በቢዶን ተጭነው ወደ ገበያ ይሄዱ ነበር። በሐምሌ ሙቀት በድንጋይ ላይ የሚጓዝ ስልባቦት ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ኮምጥጦ ይደርስ ነበር። የመኪና መንገድ ከመከፈቱ በፊትም አንድ የጭነት መኪና ተፈታትቶ፣ ቁርጥራጩ በበቅሎ ተጭኖ ቦልደር ከገባ በኋላ እዚያው ተገጣጥሞ ይሠራ ነበር።

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። በኒው ዮርክ የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በ1931 ተጠናቆ ሲመረቅ፣ ቦልደር ገና ደብዳቤዋን ከበቅሎ ጀርባ ላይ ትቀበል ነበር። በመላው አገሪቱ ደብዳቤ በበቅሎ ይደርሳቸው ከነበሩ የመጨረሻዎቹ መንደሮች አንዷ ናት የምትባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱን ያመጣው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1933 ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ሥራ ያጡ ወጣት ወንዶችን በየደኑና በየተራራው አሰማሩ። ወጣቶቹ ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ ይሰጣቸው ነበር፤ በወር ከሚከፈላቸው 30 ዶላር ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር። ከወር ደመወዛቸው አብዛኛውን ለወላጅና ለእህት ወንድም የምትልኩ ሰዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ፣ ይህን ቁጥር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም። እነዚህ ልጆች በመጀመሪያ በከፍታው በኩል፣ ሄልስ ባክቦን በተባለው ሸንተረር ላይ መንገድ ቆፈሩ፤ ግራና ቀኙ ገደል በሆነ አንገት መሳይ ቦታ ላይም ከእንጨት ድልድይ ሠሩ። ከዚያ ድልድይ በታች ያለው ጥልቀት 450 ሜትር ገደማ ነው። ያም ሆኖ ይህ የላይኛው መንገድ በረዶ ሲጥል ይዘጋ ስለነበር፣ ቦልደር ለብዙ ወራት እንደገና የበቅሎ ጥገኛ መሆኗ አልቀረም።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ በቆላው በኩል መፈለግ ግድ ሆነ፤ ዛሬ ቁጥር 12 የምንለው መንገድ ከኤስካላንቴ እስከ ቦልደር ያለው ክፍል ይህ ነው። ሥራው ዓመታት ወስዶ በ1940 ለትራፊክ ተከፈተ። መንገዱ ከኤስካላንቴ ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ «የአለቶች ራስ» እንደማለት ሄድ ኦፍ ዘ ሮክስ ከሚባለው ማማ መሳይ ቦታ ይደርሳል፤ ከዚያም ነጭ፣ ቢጫና ቀላ ያለ አለት እስከ አድማስ ድረስ ተዘርግቶ ሲታይ፣ መንገዱ በመካከሉ እየተጠማዘዘ ወደ ኤስካላንቴ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ በካፍ ክሪክ ሸለቆ ጎን በፈንጂ ከተፈለጠ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሆግባክ የተባለው ሸንተረር ይመጣል። እዚህ ላይ መንገዱ የሸንተረሩን ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል፤ በግራም በቀኝም ምድሩ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጥቂት ርቆ ይቆረጣል፤ አብዛኛው ቦታ የመከላከያ ብረት እንኳ የለውም።

መሐንዲሶቹ ለምን እዚህ ላይ አወጡት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ምክንያቱ ከመሬቱ አቀማመጥ የሚታይ ነው፤ በግራና በቀኝ ያሉት ሸለቆዎች ግድግዳቸው ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ወደ እነሱ ወርዶ እንደገና ለመውጣት በርካታ ድልድዮችና ማለቂያ የሌለው የአለት ፍለጣ ያስፈልግ ነበር። ሸንተረሩ ግን ተፈጥሮ የተወችው ብቸኛው ያልተቆረጠ መሸጋገሪያ ነበር። ለተጓዥ የሚያስደነግጠው ይህ ክፍል ለሠሪዎቹ ወጪውና ድካሙ የሚያንስበት ምርጫ ነበር ማለት ነው፤ የመንገዱ ውበት ከቁጠባ የተወለደ ነው የምለውም ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ቦልደር የደረሰው በ1947 ሲሆን፣ ከኤስካላንቴ ወደ ቦልደር የሚወስደው መንገድ አስፋልት የለበሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከቦልደር በተራራው ላይ ወደ ሰሜን የሚሄደው ክፍል አስፋልቱ የተጠናቀቀለት ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው።

የመንገዱ ምዕራባዊ ጫፍ ታሪኩ ከዚህ የተለየ መሆኑን ደብቄ ማለፍ አልችልም። እዚያ ቱሪስት ቀድሞ ደርሷል። ብራይስ ካንየን በ1923 በአገር ደረጃ ጥበቃ ተደርጎለት በ1928 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ በእነዚያው ዓመታት እንግዶችን በአውቶቡስ እያመጣ ያሳርፍ ነበር። ከአውራ ጎዳና 89 ተገንጥላችሁ እንደገባችሁ፣ በሬድ ካንየን ውስጥ መንገዱ በቀይ ድንጋይ ውስጥ ተበስተው በተሠሩ ሁለት አጫጭር ዋሻዎች ሥር ያልፋል፤ እነዚህ የ1920ዎቹ ሥራዎች ናቸው፤ እንግዳውን ከደጃፍ ለማስደነቅ ታስበው እንደተሠሩም ያስታውቃሉ።

በብራይስ ያለው ድንጋይ ከ50 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በሐይቅ ወለል ላይ የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይና ጭቃ ሲሆን፣ ቀይና ብርቱካናማ ቀለሙን የሰጠው በውስጡ ያለው የዛገ ብረት ነው። ሁዱ የሚባሉትን ቀጫጭን የድንጋይ ምሰሶዎች የሚቀርጸው በዋነኛነት ውርጭ ነው። በዓመት ውስጥ ከ170 በሚበልጡ ቀናት ሌሊቱ ውኃ እስኪያረጋ ይቀዘቅዛል፤ ቀኑ ደግሞ ያቀልጠዋል። በስንጥቁ ውስጥ የገባው ውኃ በረዶ ሲሆን እየሰፋ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል፤ ሲቀልጥ የተፈለቀቀውን ይዞ ይወርዳል። ትንሽ አሲድነት ያለው የዝናብ ውኃ ደግሞ የኖራውን ጠርዝ እያሟሟ ያለሰልሰዋል። የደቡብ ፓዩት ሕዝብ ስለነዚህ ምሰሶዎች የራሱ ትረካ አለው፤ ጥንት በዚህ ቦታ የኖሩ ክፉ ፍጥረታት ነበሩና፣ ኮዮት የተባለው የተረት ጌታ ወደ ድንጋይነት ለወጣቸው ይላል። ፓርኩ ስሙን ያገኘው ግን በ1870ዎቹ እዚያ ከሰፈረው፣ የሞርሞን እምነት ተከታይ ከነበረው ከኤቤኔዘር ብራይስ ነው።

ብዙ ጎብኚ ፓርኩን አይቶ ወደ ላስ ቬጋስ ይመለሳል። እኔ ግን ቁጥር 12 ራሱ የፓርኩን ሰሜናዊ ክፍል ሲያቋርጥ፣ ከመንገዱ ዳር የምትገኝ አንዲት ትንሽ የውኃ መውረጃ እንዳታልፏችሁ እለምናለሁ። ሞሲ ኬቭ ወደተባለው ስፍራ የሚወስደው የእግር መንገድ አጠገብ የሚፈሰው ውኃ በተፈጥሮ እዚያ የነበረ አይደለም። በምሥራቅ በኩል ባለው ደረቅ ሸለቆ የሰፈሩ ገበሬዎች ከ1890 እስከ 1892 በዶማና በአካፋ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ቆፍረው፣ ከአምባው በላይ ከሚፈሰው የሴቪየር ወንዝ ምሥራቃዊ ክንድ ውኃ ጠልፈው አመጡት። ሴቪየር ወደ ባሕር መውጫ በሌለው ተፋሰስ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ሲሆን፣ የእነሱ ሸለቆ ውኃ ግን ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ይወርዳል፤ ስለዚህ እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ውኃን ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው አሻግረዋል ማለት ነው። ትሮፒክ የተባለችው መንደር የቆመችው በዚህ ቦይ ነው፤ ዛሬም ማሳዋን የሚያጠጣው እሱ ነው። ውኃው በገባበት ሸለቆም ድንጋዩ የሚሸረሸርበት መንገድ ከአጠገቡ ካሉት ተለይቷል፤ የመስኖ ውኃ ከ130 ዓመታት በላይ ሲፈስ ምድሩን ራሱን ቀይሮታል። ብራይስን ሺህ ጊዜ በፎቶግራፍ ያየ ሰው እንኳ ይህን ቦይ አያውቀውም፤ በእኔ ግምት ግን ከምሰሶዎቹ ባልተናነሰ ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነገር ነው።

ከትሮፒክ በኋላ ካነንቪልና ሄንሪቪል በፍጥነት ያልፋሉ፤ ወደ ደቡብ የሚገነጠለው መንገድ ኮዳክሮም ቤዚን ወደተባለው የግዛቱ ፓርክ ይወስዳል፤ ጊዜ ያለው ይሂድ። ቀጥሎ የሚመጣው ግን አብዛኛው ሰው ሳይቆም የሚያልፈው፣ ዘ ብሉስ የተባለው ግራጫ ሰማያዊ የጭቃ ድንጋይ ጉብታ ነው። ቀዩን ያየ ዓይን ይህን ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ከ75 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ ሰሜን አሜሪካ መካከሏን በባሕር ተከፍላ በነበረችበት ዘመን፣ ይህ አካባቢ በባሕሩ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኝ ሞቃታማ ረግረግ ነበር። ራሱ 15 ቀንድና ቀንድ መሳይ እሾህ የነበረው ኮስሞሴራቶፕስ የተባለው ዳይኖሰር በ2010 ለሳይንስ የተዋወቀው በዚሁ አካባቢ ከተገኘ ቅሪተ አካል ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ተጓዥ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ወደ ቀደመ ዘመን እንደሚሄድ ልብ ይበል፤ ብራይስ ላይ 50 ሚሊዮን፣ ብሉስ ላይ 75 ሚሊዮን፣ የካፍ ክሪክ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከ180 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ናቫሆ የተባለው የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን፣ በነፋስ የተከመረ የበረሃ አሸዋ ነበር፤ በግድግዳው ላይ የሚታዩት ሰያፍ መስመሮች ነፋሱ አሸዋውን በየት በኩል እንደገፋው ያሳያሉ።

በካፍ ክሪክ መኪናውን አቁሞ በእግር ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው፣ 38 ሜትር ከፍታ ካለው ፏፏቴ ይደርሳል። ቦታው ስሙን ያገኘው ከብት አርቢዎች ከጡት የተጣሉ ጥጆችን በዚህ ዙሪያው ግድግዳ በሆነ ሸለቆ ውስጥ ያግዱ ስለነበር ነው። ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ግን ፍሪሞንት በመባል የሚታወቁ ሕዝቦች እዚህ ነበሩ፤ ከእግር መንገዱ ማዶ በገደሉ ላይ የሳሏቸው ሦስት ትልልቅ ቀይ የሰው ምስሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ቦልደር ውስጥም ከ1050 እስከ 1200 ባለው ጊዜ ገደማ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ እያመረተ የኖረ የፑዌብሎ ሕዝብ አባቶች መንደር ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ዛሬ በላዩ ሙዚየም አለ። ለከብት አርቢዎቹ ያን ያህል የራቀችው ቦልደር፣ ለነዚህ ገበሬዎች መኖሪያና እርሻ ነበረች። ርቀት የሚለካው ከየት ተነስቶ እንደሆነ ማስታወስ ይገባል።

ከቦልደር በኋላ መንገዱ በአኳሪየስ አምባ ትከሻ ላይ እስከ 2,900 ሜትር ይወጣል። ቀዩ ምድር ከታች ቀርቶ አስፐንና ፓይን የተባሉ ዛፎች ይተካሉ፤ በየሜዳው የተበተነው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ቋጥኝም ለመንደሯ ስሟን የሰጠ ነው። በምሥራቅ በኩል ባሉት ማቆሚያዎች ላይ ሲቆሙ የካፒቶል ሪፍ የተጣጠፈ የድንጋይ ግንብ፣ ከኋላው ደግሞ የሄንሪ ተራሮች ይታያሉ። እነዚህ ተራሮች ከአላስካ በመለስ ባለው አሜሪካ በካርታ ላይ በመጨረሻ የሰፈሩ የተራራ ሰንሰለት ናቸው፤ የኤስካላንቴ ወንዝም እንዲሁ ከወንዞች የመጨረሻው ነው። ወንዙን በ1872 ለይቶ ያወቀው በጆን ዌስሊ ፓወል የቅየሳ ቡድን ውስጥ የነበረው አልሞን ቶምፕሰን ነበር። መንገዱ ለምን እንዲህ ዘግይቶ እንደመጣ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ በዝምታ ማለፍ አይገባኝም። ከመንገዱ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር በመስከረም 1996 በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን አዋጅ ግራንድ ስቴርኬዝ ኤስካላንቴ በሚል ስም የተጠበቀ ብሔራዊ ቅርስ ሆኗል። አዋጁ የተነገረው ግን በዩታ ሳይሆን በአሪዞና፣ ከግራንድ ካንየን ጠርዝ ላይ ነበር፤ በምድሩ ሥር ባለው የድንጋይ ከሰል ተስፋ ያደረጉና ከብታቸውን በዚያ የሚያሰማሩ የአካባቢው ሰዎች ሳይጠየቁ መወሰኑ አስቆጥቷቸዋል። በ2017 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ይዞታውን በግማሽ ገደማ ቀነሱት፤ በ2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን መለሱት። እኔ ምድሩ መጠበቁን እደግፋለሁ፤ ከሰሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ቅሪተ አካሉንም ሸለቆውንም የሚመልስ ስለሌለ ነው። ሆኖም ከብት አርቢው ስለ ግጦሹ የሚናገረውን ሳይሰሙ የተፈረመ አዋጅ ጠላት ያተርፋል፤ በዚያ አካባቢ ቁጣው እስከ ዛሬ ያልበረደውም ስለዚህ ይመስለኛል። ስትሄዱ በመንደሮቹ ብሉ፣ እደሩ፣ ግዙ፤ ጥበቃው ለነዋሪውም እንጀራ እንዲሆን ከእንግዳ የሚጠበቀው ይህ ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ነዳጅ በትሮፒክ፣ በኤስካላንቴና በቦልደር ይገኛል፤ ከዚያ ውጪ መተማመን አይገባም። ከብቶች በመንገዱ ላይ በነፃነት ይሻገራሉ፤ አጋዘንም ማታ ይወጣል፤ ስለዚህ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ በተራራው ላይ አትንዱ። በእግር ስትሄዱ ጥቁር ቅርፊት መሳይ አፈር አትርገጡ፤ ሕይወት ያለው፣ አሸዋውን አያይዞ የሚይዝ፣ በአንድ ዱካ ፈርሶ ለመመለስ ብዙ ዓመታት የሚወስድ ነገር ነው። ደመና በሩቅም ቢታይ ወደ ጠባብ ሸለቆ አትግቡ፤ ጎርፉ ዝናብ ወዳልጣለበት ቦታም ይደርሳል። ከየት ጫፍ እንጀምር ለምትሉኝ፣ ከፓንግዊች በኩል ግቡ እላለሁ፤ በዚህ አቅጣጫ የድንጋዩ ዘመን በቅደም ተከተል ይታያል፣ የአለቶች ራስ ላይ ስትደርሱም ያ ሁሉ ምድር ከፊታችሁ ይከፈታል፤ ከቶሪ የመጣ ሰው ግን በጀርባው ትቶት ያልፋል። ሆግባክ ላይ ስትደርሱ የሚነዳው ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ማንሳት አይችልምና፣ ሁለት ሾፌር ካላችሁ ካፍ ክሪክ ላይ ተቀያየሩ፤ ብቻውን የሚነዳ ደግሞ ለማየት ሲፈልግ በማቆሚያዎቹ ላይ ይቁም።